ገልና ዋልካ፦ መፍረስ በሸክላ ጥበብ ውስጥ ያለው ስፍራ

የሸክላ ጥበብ በአብዛኛው የሚመዘነው ከእሳት በወጣው ዕቃ ጽናት ነው። ይህ አጭር ጥናት በአንጻሩ መፍረስን የጥበብ ስልት ያደረገ ሙከራን መነሻ በማድረግ፣ ስልቱ በግልገል በለስና በመተከል ዞን ለሚካሄድ ምርምር ያለውን ፋይዳ ይመረምራል።

እንግሊዛዊቷ የሸክላ ሠዓሊ ፊቢ ከሚንግስ እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ካልተቃጠለ ሸክላ የተሠራ፣ በዕፅዋትና በአበባ ቅርጽ ያጌጠ ፏፏቴ አቅርባ ነበር። ውሃው ሲፈስበት ቅርጹ ቀስ በቀስ ሟሟ። ሥራው የተሟላውም በመፍረሱ ነበር።

ይህን የሚቻል ያደረገው የቁሱ ባሕርይ ነው። ያልተቃጠለ ሸክላ ውሃ ሲያገኝ ወደ ጭቃነት ይመለሳል። በግምት ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ግን በማዕድኑ መዋቅር ውስጥ የተያዘው ውሃ ስለሚወጣ ለውጡ የማይቀለበስ ይሆናል። ስለዚህ ሠዓሊዋ እሳትን መተዋ ቸልታ ሳይሆን ምርጫ ነው።

በመተከል ቆላማ ሜዳዎች መፍረስና መሥራት ከዚህም በላይ የተሳሰሩ ናቸው። ሸክላ ራሱ የተበላሸ ዐለት ውጤት ነው። በፓዌና አካባቢው የሚገኘው ዋልካ አፈር በዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለው አፈር ብቻውን ሲደርቅ እጅግ ስለሚኮማተር፣ ዕቃ እንዲሆን አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ሊቀላቀልበት ይገባል። በዚህ ስልት የተሰበረው እንስራ ለአዲሱ እንስራ ጉልበት ይሆናል።

በጉሙዝ ማኅበረሰብ የሸክላ ሥራ የሴቶች ሙያ ነው። የሥነ ቁፋሮ ተመራማሪው አልፍሬዶ ጎንሳሌስ ሩይባል እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው መጽሐፍ የጉሙዝን ቁሳዊ ባህል ከሕዝቡ የመቋቋም ታሪክ ጋር አያይዞ ተንትኖታል። በዚህ እይታ ገል የቆሻሻ ክምር ሳይሆን ማስረጃ ነው።

ይሁን እንጂ ሁለቱ መፍረሶች አንድ አይደሉም። ሠዓሊዋ የሥራዋን መፍረስ በፈቃዷ መርጣለች፤ በፕላስቲክ ጀሪካን ገበያዋን የምታጣ ሸክላ ሠሪ ግን የሙያዋን መጥፋት አልመረጠችም። ልዩነቱን የሚዘነጋ ጥናት ኪሳራን እንደ ውበት ሊያወድስ ይችላል። በመሆኑም በግልገል በለስ የሚሠራ ተመራማሪ የአፈሩን ናሙና ሲሰበስብ የባለሙያዋን የመለየት፣ የመቀላቀልና የማቃጠል ዕውቀትም በስሟና በፈቃዷ ሊመዘግብ ይገባል። ገል ተፈጭቶ ወደ ሸክላ ይመለሳል፤ ሳይመዘገብ የጠፋ ዕውቀት ግን የሚመለስበት መንገድ የለውም።