ከጥምቀት ማግስት የሚቀረው ፕላስቲክና የወንዞቻችን ዓሦች



በጥምቀት ማግስት በባሕረ ጥምቀቱ ዙሪያ ወድቆ የሚቀረው የውኃ ፕላስቲክ አይበሰብስም። በፀሐይ እየተሰነጣጠቀ ይደቅቃል፤ ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰውም ብናኝ ማይክሮፕላስቲክ ይባላል። የነቀምቴንና የአካባቢዋን ብናኝ የክረምት ጎርፍ ወደ አንገርና ወደ ዴዴሳ፣ በእነርሱም በኩል ወደ ዓባይ ይወስደዋል።

ዓሣ ብናኙን ከምግቡ አይለይም። የዋጠው ሆዱን ይሞላዋል እንጂ አይመግበውም፤ በብናኙ ላይ የተጣበቀ የጸረ ተባይ መርዝም አብሮ ሊገባ ይችላል። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከዝዋይ ሐይቅ ተይዘው ከተመረመሩት ዓሦች በ35 በመቶው ሆድ ዕቃ ውስጥ ፕላስቲክ መገኘቱን ገልጿል።

አዳም ገነትን እንዲጠብቅ አደራ መቀበሉን እናስተምራለን። እንግዲህ ውኃን ባርከን ስናበቃ ውኃን ልንበክል አይገባም። ስለዚህ፦

1. ሰበካ ጉባኤው ከበዓሉ አስቀድሞ ጆንያ ያዘጋጅ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም በማግስቱ ይልቀሙ።
2. ምእመናን ለጠበል ደጋግመው የሚገለገሉበትን ጄሪካን እንዲይዙ በዐውደ ምሕረት ይነገር።
3. የተለቀመው ለቆራሌዎች ይሰጥ እንጂ አይቃጠል፤ ጭሱ መርዝ ነውና።

ለውይይት፦ በአጥቢያችን ከበዓል በኋላ የሚቀረውን ፕላስቲክ የሚያነሳው ማን ነው?