ከቅጥሩ ውጭ ለምትቆሚ እህቴ

እታለም፣ እስኪ ጠጋ በይ፤ ሰው ሳይሰማን ላውራሽ። ሦስት ቀን አምጠሽ ልጁ እንዳልተረፈልሽ፣ ከዚያ ወዲህ ሽንትሽ አልያዝልሽ ማለቱን፣ ባልሽም ወደ እናትሽ ቤት እንደመለሰሽ አውቃለሁ። ጎረቤት ቡና ሲጠራራ አንቺን ይዘልሻል። ሰንበት ሲሆን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ነጠላሽን ተከናንበሽ ቅዳሴውን በሩቅ ታስቀድሻለሽ። «ምን በድዬው ነው?» ስትይም ሰምቼሻለሁ።

ምሕረት መለመኑን አትተዪ። አርባ አንዱን እግዚኦታ ከቅጥር ውጭ ሆነሽ ብታደርሺው ምንም አይጎድልበትም። ከመዝሙረ ዳዊት ደግሞ 122ኛውን አስነብቢ፤ አካባቢሽ ጋይንት የቤተልሔም ድጓ አገር ነውና አንባቢ አታጪም። ንቀት የበዛበት ሰው ዐይኑን ወደ ሰማይ አንሥቶ የሚለምነው አጭር ጸሎት ነው። እኔ የምወደው ግን በውስጡ የሌለውን ነው፤ ኑዛዜ የለበትም። ሰውየው ማረን የሚለው መናቁ ስለበዛበት ብቻ ነው። አንቺም እንደዚያው ለምኚ። ሰው የፈረደብሽን ፍርድ ተቀብለሽ ወደ እግዚአብሔር ፊት አትውሰጂው።

የደረሰብሽ ፌስቱላ ይባላል። ምጡ ሲረዝም የልጁ ራስ ሥጋውን ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ ደም ሲቋረጥበት ሥጋው ይሞትና ይቀደዳል። እርግማንም ቁጣም አይደለም፤ ሐኪም በጊዜው አለመገኘቱ ነው።

መፍትሔ አለው እኮ! ባሕር ዳር የሐምሊን ፌስቱላ ማእከል አለ፤ ሕክምናው በነጻ ነው። ከነፋስ መውጫ በደብረ ታቦርና በወረታ አድርገሽ ትደርሻለሽ፤ ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ከሆነም የቀበሌሽን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አማክሪ። ለመኪናው ላስቲክ አንጥፊ፣ ቅያሪ ጨርቅ ያዢ፣ እናትሽ አጠገብሽ ትቀመጥ። ሰው አፍንጫውን ቢይዝ ቀና ብለሽ ተቀመጪ። ውኃ ደግሞ እንዳትቀንሺ! እንዳይፈስብኝ ብለሽ ስትጠሚ ሽንቱ ይከርርና ገላሽን ያቃጥልሻል፣ ሽታውም ይብሳል።

ጸበሉን ተዪ አልልሽም። ግን ከጸበሉ ስትመለሺ የሐኪም ቤቱን መንገድ ጀምሪ፤ ምሕረት በሰው እጅም ይመጣል። ዶክተር ሬጅና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1951 ዓ.ም. ከአውስትራሊያ መጥተው ዕድሜያቸውን የሰጡት ላንቺ ዓይነቷ ሴት ነው፤ ካትሪን በ2012 ዓ.ም. እስክታርፍ ድረስ ከዚሁ አልወጣችም። ማሚቱ ጋሼን ደግሞ እወቂያት። እሷም ከገጠር የመጣች የፌስቱላ ታማሚ ነበረች፤ ፊደል አልቆጠረችም። ከታከመች በኋላ አልጋ ከማንጠፍ ጀምራ፣ የሐኪሞቹን እጅ እያየች ተምራ፣ ራሷ ቀዶ የምትጠግን ሆነች።

ስለ ባልሽ ዛሬ አላወራሽም። ይቅርታው እንዲህ በአንድ ጊዜ ካልመጣልሽ አትጨነቂ፤ ለነፍስ አባትሽ ንገሪያቸውና ጊዜ ስጪው። መጀመሪያ ገላሽ ይዳን።

ሐኪሞቹ ስንት ቀን እንዳማጥሽ ይጠይቁሻል፤ ሳታፍሪ እውነቱን ንገሪያቸው። ከዳንሽ በኋላም ሌላ ልጅ መውለድ ትችይ ይሆናል፤ ወሩ ሲገባ ግን ቤት እንዳትቀመጪ። ምጥ ሳይጀምርሽ ከሆስፒታል ደርሰሽ ጠብቂ፤ ፌስቱላ እንደነበረብሽም ገና ስትገቢ ንገሪያቸው።