ክረምት ላይ ተጫዋች ለሚያስፈርመው የእህቴ ልጅ

የእህቴ ልጅ፣ የክለባችን ኮሚቴ ውስጥ ገብተህ ተጫዋች የማስፈረሙን ሥራ ለአንተ እንደሰጡህ ሰማሁ። ደስ ብሎኛል፤ አሳስቦኛልም። እዚህ ነፋስ መውጫ ተቀምጬ ዕድሜዬን ሙሉ ኳስ ተከትያለሁና የማውቀውን ልንገርህ።

1. ከተጫዋች ስም በፊት የጎደለህን ጻፍ። የዝውውር መስኮቱ ሲከፈት ስልክህ ዕረፍት አይሰጥህም። ደላላው ኮንትራቱ ያለቀ አጥቂ፣ ከትልቅ ክለብ የተለቀቀ አማካይ ይጠራልሃል። አርብ ገበያ በሬ ሊገዛ የሚወርድ ገበሬ አስቀድሞ የሚያስበው ቤት የቀረውን በሬ ነው፤ ከእሱ ጋር የማይጠመድ ከሆነ ቀንዱ ቢያምር ምን ይሠራለታል? አንተም ባለፈው ዓመት ጎል የገባብህ በየት በኩል እንደሆነ፣ የትኛው ቦታ ተቀያሪ እንዳጣ ከአሠልጣኙ ጋር ቁጭ ብለህ ለይ። ስም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

2. የራስህን ሰው ቀድመህ አስፈርም፤ በተለይ በረኛውን። ሰዎች በክረምት የሚያዩት የሚመጣውን ብቻ ነው፤ ቡድን የሚፈርሰው ግን በሚሄደው ነው። የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ሲያነሳ በረኛው ማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ ነበር። የዚያን ክረምት የመጣ እንግዳ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታትም እዚያው በር ላይ ነበር። በረኛና ተከላካይ በድምፅ ብቻ እስኪግባቡ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ያን ጊዜ በገንዘብ አትገዛውም።

ደንቡንም እወቅ። ቤልጅየማዊው ቦስማን በ1995 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ፍርድ ቤት ከረታ ወዲህ ኮንትራቱ ያለቀ ተጫዋች ያለ ዝውውር ክፍያ የመሄድ መብቱ በዓለም ሁሉ ሥር ሰዷል። በፊፋ ደንብ ደግሞ ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር የቀረው ተጫዋች ከሌላ ክለብ ጋር መፈራረም ይችላል። ውሉ ሰኔ ላይ የሚያልቀውን ልጅ ሐምሌ ላይ ልታነጋግር ብትነሳ፣ ከጥር ጀምሮ ሌሎች ሲያነጋግሩት ከርመዋል ማለት ነው።

3. የማትከፍለውን አትፈርም። ከሁሉ በላይ አደራ የምልህ ይህን ነው። የአገራችን ክለቦች አብዛኞቹ የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። በጀቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ጭብጨባውም ያኔ ነው። መጋቢት ሲደርስ ካዝናው ይሳሳል፤ ተጫዋቹ ግን ልጆች አሉት፣ ቤት ተከራይቷል። ደመወዝ ስላልተከፈላቸው ልምምድ ያቆሙ ተጫዋቾች ወሬ በየዓመቱ የምንሰማው ለዚህ ነው፤ እኔ ስሰማው ያመኛል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከጣሪያው በላይ ያለው በጓሮ ይከፈላል የሚል ወሬ አልጠፋም። አንተ የጓሮውን መንገድ አትጀምር። በወረቀት ያልሰፈረ ቃል ለተጫዋቹም ለክለቡም መከራከሪያ አይሆንም።

የሁለት ወር ደመወዝ ሳትከፍል ከቀረህ በፊፋ ደንብ ተጫዋቹ በጽሑፍ አስጠንቅቆ፣ 15 ቀን ጠብቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል። ያኔ ልጁንም ታጣለህ፣ ዕዳውም ይከተልሃል፣ አዲስ ተጫዋች እንዳታስመዘግብም ልትታገድ ትችላለህ። ስለዚህ ወርሃዊውን ደመወዝ በአሥራ ሁለት አባዛና የሆቴልና የመኪና ወጪ ጨምርበት። ከበጀቱ ካለፈ፣ አንዱን ስም ሰርዝ።

4. ዋጋ ያልተጠራለትን ሰው አስተውል። ሙጂብ ቃሲም ከአዳማ ወደ ጎንደር ሲመጣ በአጥቂነት የታወቀ አልነበረም፤ ተከላካይ ሆኖ ይጫወት ነበር። ፋሲል ፊት ላይ አሰለፈው፤ ጎል አግቢ ሆነ፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት የአልጄሪያው ክለብ ጄኤስ ካቢሊ ወሰደው። እንዲህ ያለውን ደላላ አያመጣልህም። ሜዳ ሄዶ ልጁ ያለ ኳስ ምን እንደሚያደርግ፣ ቡድኑ ሲሸነፍ እንዴት እንደሚሮጥ ያየ ዓይን ያስፈልጋል።

5. ጉልበቱን ሳታስመረምር አታስፈርም። ፎቶና ቪዲዮ ጉዳት አያሳይም።

6. ለአገር ልጅ ቦታ አስቀር። ከጉና ግርጌ እስከ በሽሎ ቆላ ድረስ ዳገት እየወጣ የሚማር ልጅ ሞልቷል፤ ሳንባው ተሠርቶ አልቋል፣ የሚቀረው አሠልጣኝ ነው። ከዝርዝርህ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ለእስቴ፣ ለስማዳና ለጋይንት ልጆች ክፍት ይሁን። የልጁ ዕድሜ 18 ካልሞላ ውሉ ከሦስት ዓመት እንዳይበልጥ፤ ወላጁም አብሮ ተቀምጦ ይስማ። እነሱን ለማየት ክረምትን አትጠብቅ፤ ክረምት ላይ ሜዳው ጭቃ ነው፣ ልጁም እርሻ ላይ ነው። የትምህርት ቤቶች ውድድር ሲጀመር መንገዱ ሰላም ከሆነ አሠልጣኙን ይዘህ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ውረድ፤ ያየኸውን ልጅ ስም፣ የሚጫወትበትን ቦታና የአባቱን ስልክ ደብተር ላይ ጻፍ፤ ሰኔ ላይ ኮሚቴው ሲሰበሰብ መጀመሪያ የምታወጣው ያን ደብተር ይሁን።