ጥርስን ስለ ማስነቀልና ስለ ትዕግሥት

ጥርስ ከሰውነት ክፍል ሁሉ ትንሽ ከሚባሉት ወገን ነው፤ ሕመሙ ግን ብርቱውን ሰው እንቅልፍ ይከለክለዋል። ሕፃን የሚያበቅላቸው የወተት ጥርሶች 20 ናቸው። የትልቅ ሰው ጥርሶች ግን ሁሉም ሲበቅሉ 32 ይሆናሉ። የወተት ጥርስ ቢወልቅ ሌላ ይተካዋል፤ የትልቅ ሰው ጥርስ ግን አንድ ጊዜ ከወለቀ ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ጥርስን መንቀል የመጨረሻ መድኃኒት ነው እንጂ የመጀመሪያ አይደለም።

ጥርስ የሚበላሸው እንዲህ ነው። ጣፋጭ ምግብ በጥርስ ላይና በጥርስ መካከል ሲቀር፥ በዐይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ይመገቡታል፤ ከእርሱም አሲድ የሚባል ኮምጣጣ ነገር ያወጣሉ። ይህም አሲድ የጥርሱን ጠንካራ ቅርፊት ቀስ በቀስ ይቦረቡረዋል። ቀዳዳው ትንሽ ሳለ ሐኪም አጽድቶ ይሞላዋል፤ ጥርሱም ይድናል። ቀዳዳው ጠልቆ በጥርሱ ውስጥ ያለውን ነርቭ ሲነካ ግን ጽኑ ሕመም ይጀምራል። ያን ጊዜም ቸል ቢባል ከሥሩ መግል ይቋጠራል። መግሉ ወደ አንገት የወረደ እንደ ሆነ ጉሮሮ ያብጣል፤ ትንፋሽም ይዘጋል፤ ሰውየውም ሊሞት ይችላል። እንግዲህ «ጥርስ ብቻ ነው» ብሎ መናቅ አይገባም። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

በአዲስ አበባ፥ አዲስ ከተማ በሚባለው ክፍል፥ መርካቶ የተባለ ሰፊ ገበያ አለ። የከተማው ትልቅ ገበያ ቀድሞ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበረ፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. ጣልያን አገሩን በያዘበት ዘመን ወደ ምዕራብ ተዛወረ። መርካቶ ማለትም በጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። ከአንዋር መስጊድና ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀምሮ በየተራው ሻጭና ገዥ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል።

በዚያ ገበያ፥ እህል በረንዳ በሚባለው ስፍራ፥ ጆንያ እየተሸከመ የሚኖር አንድ ወጣት ነበረ። ከዕለታት አንድ ቀን የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ ታመመ። እርሱ ግን የቀን ገቢው እንዳይቀርበት ፈርቶ ሕመሙን ደበቀ። ከቅመም ተራ ቅርንፉድ ገዝቶ በጥርሱ ላይ አኖረ። ቅርንፉድ በውስጡ ባለው ዘይት ሕመምን ለጊዜው ያደነዝዛል፤ የበሰበሰውን ጥርስ ግን አያድንም። በአምስተኛው ቀን ጉንጩ አበጠ፤ ትኩሳትም ያዘው።

አብሮት የሚሸከም ባልንጀራው አይቶት፥ «ለዚህ ምን ሐኪም ያስፈልጋል? እኔ ጉጠት አለኝ፤ አንድ ጊዜ ስቤ እገላግልሃለሁ» አለው። ይህን የተናገረው በክፋት አልነበረም፤ ባለማወቅ ነው እንጂ። ቅርንፉዱን የሸጠችለት አሮጊት ግን ሰምታ፥ «ልጄ፥ ተው። ሐኪም ዘንድ ሂድ» አለችው።

ወጣቱም፥ «እማማ፥ ሐኪም ዘንድ ብውል የዛሬ እንጀራዬ ይቀርብኛል» አላት።

«የዛሬው ቢቀር የነገው አለ» አለችው። «ጤና ከሌለህ ግን ማን ይሸከምልሃል? የዛገ ጉጠት ቆሻሻ ያገባብሃል፤ የጥርሱም ሥር ተሰብሮ ውስጥ ይቀራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህምን?»

ወጣቱም ምክሯን ተቀብሎ ወደ ጥርስ ሐኪም ቤት ሄደ።

ስለ ዝግጅቱ

ሐኪሙ ጉጠት ከማንሣቱ በፊት ወንበር ስቦ ጠየቀው። ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፥ የልብ ወይም የስኳር በሽታ እንዳለበት፥ ሲቆስል ደሙ ቶሎ ይቆም እንደ ሆነ፥ ምን መድኃኒት እንደሚውጥ፥ የማይስማማው መድኃኒትም እንዳለ አንድ በአንድ መረመረ። ይህ ሁሉ ጥያቄ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ለአንዱ የሚበጅ ነገር ሌላውን ሊጎዳ ስለሚችል ነው።

ከዚህ በኋላ በትንሽ መስታወት አፉን አየ፤ ራጅም አነሣው። ራጅ ሥጋን አልፎ ዐጥንትንና የጥርስን ሥር የሚያሳይ ጨረር ነው፤ ቪልሄልም ሮንትገን የተባለ የጀርመን ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1895 ዓ. ም. አገኘው። በራጁም ጥርሱ ሁለት ሥር እንዳለው፥ አንደኛውም እንደ መንጠቆ እንደ ጎበጠ ታየ። ደግሞ በታችኛው መንጋጋ ውስጥ ለከንፈር ስሜት የሚሰጥ ነርቭ ያልፋል፤ ሐኪሙ ሥሩ ከእርሱ ምን ያህል እንደሚርቅ ለካ። ያ ባልንጀራው ጎትቶት ቢሆን ኖሮ የጎበጠው ሥር ተሰብሮ በቀረ ነበር።

ሐኪሙ በዚያው ቀን ድዱን አደንዝዞ መግሉን አፈሰሰ፤ የሚዋጥ መድኃኒትም ሰጥቶ በ3ኛው ቀን እንዲመለስ ቀጠረው። መግል ባለበት ስፍራ ማደንዘዣ እንደሚገባ አይሠራምና። በቀጠሮው ቀን የሚሠራውንና ሊደርስ የሚችለውን ሁሉ ነገረው፤ ወጣቱም ሰምቶና ተስማምቶ በወረቀት ላይ ፈረመ።

ስለ መንቀሉ ሥራ

በቀድሞ ዘመን ጥርሱ የሚነቀል ሰው በጉልበተኞች ተይዞ እየጮኸ ነበር የሚነቀለው። ከዚህ ሥቃይ ሰውን ለማዳን ከደከሙት መካከል ሁለት አሜሪካውያን የጥርስ ሐኪሞች ይገኛሉ። ሆራስ ዌልስ የሚባለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1844 ዓ. ም. የሚያደነዝዝ ጋዝ ስቦ የራሱን ጥርስ አስነቀለ። በሚመጣው ዓመት በቦስተን ከተማ በሰው ፊት ሊያሳይ ቢሞክር ግን በሽተኛው ስለ ጮኸ ተሳቀበት። ዳሩ ግን ነገሩ በዚያ አልቀረም። በ1846 ዓ. ም. ዊልያም ሞርተን በዚያችው ከተማ ኤተር በሚባል መድኃኒት አንድ በሽተኛ አደነዘዘ፤ ሐኪሞችም በአንገቱ ላይ ያለውን ዕጢ ቀደዱ። ዛሬ አንድ ጥርስ ለመንቀል ብዙ ጊዜ ሰውን ማስተኛት አያስፈልግም። ኒልስ ሎፍግሬን የተባለ የስዊድን ሊቅ በ1943 ዓ. ም. የሠራው ሊዶካይን የሚባል መድኃኒት በመርፌ ሲሰጥ፥ ሰውየው ነቅቶ ሳለ የታመመው ስፍራ ብቻ ይደነዝዛል።

የሐኪሙ መሣሪያዎች አስቀድመው በታመቀ እንፋሎት በ121 ዲግሪ ሙቀት ተቀቅለው ነበር። ይህ ሙቀት ከሚፈላ ውሃ ሙቀት ይበልጣል፤ በመሣሪያው ላይ ያሉትን ተሕዋስያን ሁሉ ያጠፋል። ሐኪሙ እጁን ታጠበ፤ ጓንት አጠለቀ፤ የማደንዘዣውን መርፌ ወጋው። ወዲያውም አልጀመረም፤ ከንፈሩ እስኪደነዝዝ ታገሠ። ከዚያም ድዱን ነካ አድርጎ፥ «ያምሃልን?» አለው። ወጣቱ አለማመሙን በእጁ ምልክት ሰጠ።

ያን ጊዜ ሐኪሙ ድዱን ከጥርሱ አላቀቀ፤ ጥርሱንም ቀስ ብሎ አነቃነቀ። የጎበጠው ሥር እንቢ ባለ ጊዜ በጉልበት አልጎተተውም፤ ድዱን ጥቂት ሰንጥቆ፥ ጥርሱን በመቦርቦሪያ ለሁለት ከፍሎ፥ እያንዳንዱን ሥር ለብቻው አወጣ። ወጣቱ የመግፋት ኃይል ተሰማው እንጂ ሕመም አልተሰማውም። በመጨረሻም ሐኪሙ ቁስሉን አጥቦ ድዱን በክር ሰፋ፤ ንጹሕ ፋሻም አስነከሰው።

ስለ ማገገም

ሐኪሙ ሲያሰናብተው እንዲህ ሲል አዘዘው።

አንደኛ፥ ፋሻውን ግማሽ ሰዓት ያህል ጥብቅ አድርገህ ንከስ።

ሁለተኛ፥ በጉድጓዱ የሚረጋው ደም የቁስሉ ክዳን ነውና፥ እስከ 24 ሰዓት ድረስ አትጉመጥመጥ፤ በኃይል አትትፋ፤ በምላስህም አትነካካው።

ሦስተኛ፥ ሲጋራ አታጭስ፤ አልኮል አትጠጣ፤ ጫትም አትቃም።

አራተኛ፥ በርበሬና ትኩስ ነገር ትተህ፥ በረድ ያለ አጥሚት ወይም ለስላሳ ምግብ በሌላው ወገን ብላ።

አምስተኛ፥ ከ24 ሰዓት በኋላ ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ጨው በጥብጠህ ቀስ ብለህ ተጉመጥመጥ፤ የቀሩትንም ጥርሶችህን አጽዳ።

ስድስተኛ፥ ለጥቂት ቀን ከባድ ሸክም አትሸከም።

ሰባተኛ፥ ደሙ አልቆም ቢል፥ እብጠቱ ከ3ኛው ቀን በኋላ ቢጨምር፥ ወይም ትኩሳት ቢይዝህ ፈጥነህ ተመለስ፤ መዋጥና መተንፈስ ቢያስቸግርህ ግን አንዲት ሰዓት እንኳ አትቆይ።

ወጣቱ አምስቱን ሁሉ ለመጠበቅ አላስቸገረውም፤ ስድስተኛው ግን ከበደው። በማግሥቱ ሕመሙ ቀለል ባለው ጊዜ «ድኛለሁ» ብሎ ጆንያ ተሸከመ። ሲጎነበስ ደም መጣበት፤ ደሙንም ለማጥራት ደጋግሞ ተጉመጠመጠ፥ ተፋም። እንዲህ ሲያደርግ የረጋው ደም ታጥቦ ወጣ፤ ዐጥንቱም ያለ ክዳን ቀረ። በ3ኛው ቀን ጆሮው ድረስ የሚሰማ ብርቱ ሕመም ያዘው፤ እያፈረም ወደ ሐኪሙ ተመለሰ።

ሐኪሙ አልተቆጣውም። ጉድጓዱን በቀስታ አጥቦ የቅርንፉድ ዘይት ያለበት መድኃኒት አኖረበት፤ ሕመሙም ጸጥ አለ። እነሆ፥ ያው ቅርንፉድ በበሰበሰው ጥርስ ላይ ሕመሙን ሸፍኖ አሳሳተው፤ በሐኪም እጅ በጊዜው ሲሆን ግን ጠቀመው። ቀጥሎም ሐኪሙ፥ «የእኔ ሥራ በአንድ ሰዓት አለቀ፤ የአንተ ሥራ ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው» አለው።

ያ ጉጠት አለኝ ያለው ባልንጀራውም ይህን በሰማ ጊዜ የወጣቱን ድርሻ ደርቦ ተሸከመለት፤ ገንዘቡንም አካፈለው። እንዲህ ሆኖ ወጣቱ ሳይራብ ዐረፈ። በሳምንቱ ሐኪሙ ክሩን አወጣለት። ድዱ በጥቂት ሳምንታት ገጠመ፤ በውስጥ ያለው ዐጥንት ግን ጉድጓዱን የሚሞላው በብዙ ወራት ነው።

ምክር

ሕመምን ገና ትንሽ ሳለ መናገር ውርደት አይደለም፤ ብልኅነት ነው። ባልንጀራ ሲታመም የማያውቁትን ሥራ ከመሥራት ይልቅ ሸክሙን መሸከም ይበልጣል። ሕመሙ ቢተውም ቁስሉ ገና እንዳልዳነ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ከሚሰማን በላይ የማናየው ይበዛልና። ከሁሉም በላይ ጥርስን በየቀኑ ሁለት ጊዜ በብሩሽ ማጽዳት፥ ብሩሽም ባይገኝ በንጹሕ መፋቂያ መፋቅ፥ ጣፋጭንም አለማብዛት ጉጠትን ያርቃል።

ጥያቄ

1. ወጣቱ ሕመሙን ስለ ምን ደበቀ?
2. ሐኪሙ ጥርሱን ከመንቀሉ በፊት ምን ምን አደረገ?
3. የረጋ ደም ለቁስል ምን ይጠቅማል?
4. ባልንጀራው መጀመሪያ ሊረዳው ያሰበው እንዴት ነበር? በኋላስ የረዳው በምንድር ነው?
5. «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ምሳሌ በዚህ ታሪክ ስንት ጊዜ ተፈጸመ?