የላንድሮቨሩ ጌጅና አሥሩ ቮልት

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ የአባቴን ላንድሮቨር ሲሪስ ሦስት እያደስኩ ነው። ማታ ዳሽቦርዱ ጭል ጭል እያለ ጌጁን ማንበብ አቃተኝ። ጠንከር ያለ አምፖል ልግዛለት?

አዛውንቱ፦ አትግዛ። አምፖሉ 2.2 ዋት ነው፤ ሙሉ 12 ቮልት ከደረሰው ለማንበብ ይበቃል። የሚጎድለው ግራውንዱ ነው። ኤሌክትሪኩ የሚመለሰው በአምፖሉ መቀመጫ፣ በጌጁ ቆርቆሮና በብሎኖቹ በኩል ነው፤ ዝገትና ቀለም እዚያ ይዘጋበታል። የፓርኪንግ መብራቱን አብራና የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ፣ ሌላውን በጌጁ አካል ላይ አድርግ። ወደ ዜሮ ካልተጠጋ ከጌጁ አካል እስከ ሻንሲው አዲስ ጥቁር ሽቦ ዘርጋ። ጌጁን ስትከፍተው ደግሞ የውስጡን ነጭ ቀለም እየው፤ ከቢጫነት አልፎ ከጠቆረ ነጭ ቀባው፤ ብርሃኑን የሚመልሰው እሱ ነው።

ወጣቱ፦ የነዳጁም ቀስት አይታመንም፤ ከፍ ብሎ ያሳያል።

አዛውንቱ፦ የሙቀቱስ?

ወጣቱ፦ እሱም።

አዛውንቱ፦ ሁለቱ አብረው ከዋሹ ታንኩንም ሞተሩንም አትንካ። ከጀርባቸው ስታቢላይዘር የምትባል ትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን አለች። ስሚዝስ የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ጌጆቹን የሠራቸው ለ10 ቮልት ነው፤ መኪናው ግን ባትሪው ሲደክም 11፣ ዲናሞው ሲሞላ 14 ይሰጣል። ሳጥኗ ውስጥ ሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀበት ምላስ አለ፤ ሲሞቅ ታጥፎ ያቋርጣል፣ ሲበርድ ተመልሶ ያገናኛል። ሲያቋርጥና ሲያገናኝ አማካዩ 10 ቮልት ይሆናል። የጌጁም ቀስት የሚንቀሳቀሰው በሙቀት ስለሆነ ቀስ ይላል፤ መቆራረጡም አይታይበትም።

ይህን ያልተረዳ ሰው ምን እንዳደረገኝ ልንገርህ። አንድ ጋራዥ ውስጥ ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው ሳጥኗን በቴስተር ለካት። ቁጥሩ ከዜሮ ወደ 12፣ ከ12 ወደ ዜሮ ሲዘል አየና «ሞታለች» ብሎ ነቅሎ ጣላት። ሽቦዎቹን አገናኝቶ አሰናበተኝ። ደህና ነበረች! መዝለሏ ሥራዋ ነው! በ10 ፋንታ 14 ቮልት ሲገባ በጌጁ ውስጥ ያለው ሙቀት ወደ እጥፍ ይጠጋል። የሙቀቱ ቀስት ቀዩን ሲነካ «ሞተሩ ፈላ» ተባለ፤ ራዲያተሩ ወርዶ ተጠረገ፣ የውሃ ፓምፑ ተቀየረ፣ ቴርሞስታቱ ወጥቶ ቀረ። ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ እየሠራ ነዳጅ ሲፈጅ ከረመ። አንድም ሰው ራዲያተሩን በእጁ ነክቶ «ይሄ እኮ አልፈላም» አላለም! የነዳጁ ቀስት ሩብ አለ እያለኝም ጎሃ ጽዮንን አልፌ ዓባይ በረሃ ወረድኩ። ወደ ደጀን ሽቅብ ስጀምር ሞተሩ ጠፋ፤ ታንኩ ደርቋል። ጀሪካን ይዤ በዚያ ሐሩር የቆምኩት በሳጥኗ ጥፋት አይደለም። ሳይመረምር በነቀላት ሰው ነው። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ወጣቱ፦ ታዲያ ምን ላድርግ?

አዛውንቱ፦ መጀመሪያ የሳጥኗን ግራውንድ አጽዳ። ግራውንድ ካጣች አታቋርጥም፤ ያልተቀነሰውን ቮልት ታሳልፋለች። ካልተሻላት በ7810 ተካት። ሦስት እግር ያላት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ናት፤ ሲገባ 14 ቢሆን ሲወጣ 10 ነው፣ ሳይቆራረጥ። መሐለኛው እግርና የጀርባዋ ብረት ግራውንድ ስለሆኑ ከመኪናው ቆርቆሮ ጋር በብሎን ካጠበቅካት ትቀዘቅዛለችም። ከጌጆቹ አንዱ ብቻ ከዋሸ ግን ሽቦውን ተከተል፤ ጥቁር መስመር ያለው አረንጓዴ ወደ ነዳጅ ታንኩ፣ ሰማያዊ መስመር ያለው አረንጓዴ ወደ ሞተሩ ይሄዳል።

ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ተጀምሮ ብዙ ተለዋውጧል፤ ከ1971 እስከ 1985 የተሠራው ያንተው ሲሪስ ሦስት ነጌቲቭ ግራውንድ ስለሆነ 7810 ይስማማዋል። በጥንቶቹ ፖዘቲቭ ግራውንድ መኪኖች ላይ እንዲህ አድርገህ እንዳታስራት።

ወጣቱ፦ አምፖሎቹን በኤልኢዲ ብቀይርስ?

አዛውንቱ፦ ለጌጆቹ ይሆናል፤ ብርሃኑን ወደ ጎን የሚረጨውን ምረጥ። ካልበራ ገልብጠው፤ ፖዘቲቭና ነጌቲቩ ከተምታታ አይበራም። የቻርጅ መብራቱን ግን አትንካ። ዲናሞው መሙላት የሚጀምረው በዚያ አምፖል ውስጥ በሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው። ኤልኢዲ የሚያሳልፈው እጅግ ትንሽ ስለሆነ ሞተሩን አስነስተህ ነዳጅ እስክትረግጥ ድረስ ባትሪህ ላይሞላ ይችላል። እዚያ ቦታ ላይ የድሮውን 2.2 ዋት አምፖል ተወው።