የጥርስ ሕመም ሲተወን ድነናል ማለት ነውን?

ከቢቸና እስከ ሞጣ ባሉት የምሥራቅ ጎጃም ከተሞችና የገጠር ቀበሌዎች የጥርስ ሕመም የማያውቀው ቤት የለም ብንል ማጋነን አይሆንም። ሕመሙ ሲጀምር ቅርንፉድ ይያዝበታል፤ በአረቄ ይጉመጠመጡለታል። ሲብስ ማስታገሻ ክኒን ይገዛል፤ ጭራሹን ሲከፋ ደግሞ «ይነቀልልኝ» ይባላል። አንዳንድ ጊዜ ግን ሕመሙ በራሱ ጊዜ ጸጥ ይላል፤ ባለ ጥርሱም ዳንሁ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። በዚህ ጽሑፍ ይህ ጸጥታ ምን ማለት ሊሆን እንደሚችል፣ ለእያንዳንዱ የጉዳት ደረጃም ምን ዓይነት ሕክምና እንዳለ እንመለከታለን። ለማስረዳት እንዲያመቸን አንድ የመርጡለ ማርያም ተማሪ እናስብ፤ በታችኛው መንጋጋ ጥርሱ ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ታይቷል እንበል።

ጉዳቱ እንዴት ይጀምራል?

የጥርስ ውጫዊ ሽፋን ኢናሜል ይባላል። በክብደት 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ሲሆን፣ ከሰው አካል ሁሉ ጠንካራው ክፍል ነው። ሆኖም በአፋችን ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ የአሲዱ ፒኤች ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ማዕድኑ መሟሟት ይጀምራል። ኢናሜል ነርቭ ስለሌለው በዚህ ደረጃ ተማሪያችን ምንም አይሰማውም። ጉዳቱ ከሥሩ ወዳለው ዴንቲን ሲደርስ ግን ቀዝቃዛ ውኃ ያንዘረዝረዋል። ዴንቲን በዓይን የማይታዩ እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት፤ ቅዝቃዜ በውስጣቸው ያለውን ፈሳሽ ሲያንቀሳቅሰው በመሐል የሚገኘው ነርቭ ይነካል።

ጥርስ ማስሞላት

በዚህ ደረጃ የተበላሸው ክፍል ተጠርጎ ጉድጓዱ ይሞላል። ለረጅም ዘመን ያገለገለው አማልጋም ብር፣ ቆርቆሮና መዳብ ከሜርኩሪ ጋር የተዋሐዱበት ቅይጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት አጠቃቀሙ እየቀነሰ እንዲሄድ ይጠይቃል። የጥርስ መልክ ያለው ኮምፖዚት ደግሞ 470 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ባለው ሰማያዊ ብርሃን በሴኮንዶች ውስጥ ይጠነክራል። መሙያው ትኩስ ቡናና ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው የሚለጠጥበትና የሚኮማተርበት መጠን ከጥርሱ ጋር ካልተቀራረበ በጠርዙ ክፍተት ሊፈጠር ይችላል። በዚህ ረገድ ከዴንቲን ጋር የሚቀራረበው ግላስ አዮኖመር የተባለው ሲሚንቶ ነው።

ይህ ሲሚንቶ ለእንደኛ ዓይነቱ አካባቢ ልዩ ጥቅም አለው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በታንዛኒያ በተጀመረ ዘዴ፣ የተበላሸው ክፍል በእጅ መሣሪያ ብቻ ተጠርጎ በግላስ አዮኖመር ይሞላል፤ ኤሌክትሪክም የጥርስ መሰርሰሪያም አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት ሲሚንቶውን እ.ኤ.አ. በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አካቶታል።

የስር ሕክምና

ተማሪያችን ሙሌቱን ቢያዘገየውስ? ባክቴሪያዎቹ ነርቭና የደም ሥር ወዳለበት ለስላሳ ክፍል፣ ወደ ፐልፕ ይደርሳሉ። ሌላው የሰውነታችን ክፍል ሲቆጣ ያብጣል፤ ፐልፕ ግን በጠንካራ ግድግዳ ስለተከበበ ማበጥ አይችልም። ስለዚህ በውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል። ስንጋደም ጭንቅላታችን ከልብ ጋር ስለሚስተካከል በዚያ ያለው የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ የጥርስ ሕመም ሌሊት የሚብስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ፐልፑ ሊሞት ይችላል። የሞተ ነርቭ አያምም፤ ጸጥታው የመጣው ከዚህ ነው። ባክቴሪያዎቹ ግን ሥራቸውን አላቆሙም፤ በስሩ ጫፍ በኩል ወጥተው አጥንቱን ይበላሉ። የተበላው አጥንት ራጅን እንደ ቀድሞው ስለማይመጥ በፊልሙ ላይ ጠቆር ብሎ ይታያል። ፀረ ባክቴሪያ ክኒን ብቻውን አያድነውም፤ መድኃኒቱን የሚያደርሰው ደም በሞተው ፐልፕ ውስጥ አይዘዋወርምና። መፍትሔው የስር ሕክምና ነው፦ በማደንዘዣ ጥርሱ ተከፍቶ የስሩ ቦይ በቀጫጭን ሞረዶች ይጸዳል፤ በፀረ ተሕዋስያን ይታጠባል፤ ከዚያም ጉታፐርቻ በተባለ ከዛፍ በሚገኝ ጎማ መሰል ነገር ይዘጋል።

መንጋጋ እንደ ማንሻ (ሌቨር) ይሠራል። የኋላ ጥርሶች ከጆሮ ሥር ላለው መጋጠሚያ ስለሚቀርቡ ከፊቶቹ ይልቅ ከፍተኛ ኃይል ያርፍባቸዋል፤ ጠንከር ያለ ንክሻ እስከ 500 ኒውተንና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ይህ የ50 ኪሎ ሰው ክብደት ያህል ነው። በመሆኑም ስሩ የታከመ የኋላ ጥርስ እንዳይሰነጠቅ ብዙውን ጊዜ ክራውን በሚባል ሽፋን ይለበጣል።

ለዚህ ሕክምና የሠለጠነ የጥርስ ሐኪምና የራጅ መሣሪያ ስለሚያስፈልግ፣ ተማሪያችን እስከ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር መጓዝ ሊኖርበት ይችላል። ሕመሙ ጸጥ ሲል ጉዞው ይቀራል፤ ጥርሱ የሚጠፋውም ያን ጊዜ ነው። አንዳንዴም አደጋው ከጥርስ ያልፋል። እብጠት ወደ አገጭ ሥርና አንገት ከወረደ፣ አፍ መክፈት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ነገን ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

መንቀልና መተካት

ሊጠገን የማይችል ጥርስ መነቀሉ ተገቢ ሕክምና ነው። ነገር ግን በባሕላዊ ጉጠት ሳይሆን በጤና ተቋም፣ በተቀቀለና ከተሕዋስያን በጸዳ መሣሪያ መሆን ይኖርበታል። ከተነቀለ በኋላም ጉዳዩ አያበቃም፤ ጎረቤት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ይዘማሉ፤ ሥራ የፈታው አጥንትም እየሳሳ ይሄዳል። ለመተካት ሦስት መንገዶች አሉ። ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ በዋጋ ረከስ ይላል፤ የማኘኩን ኃይል በአብዛኛው የሚሸከመው ግን ድድ ነው። ብሪጅ ወይም ድልድይ በግራና በቀኝ ባሉት ጥርሶች ላይ ይታሰራል፤ ለዚህም ጤነኞቹ ጥርሶች መሞረድ አለባቸው። ሦስተኛው ኢምፕላንት ነው፤ ከቲታኒየም የተሠራ ብሎን በአጥንት ውስጥ ይተከላል። አጥንት ከቲታኒየም ጋር እንደሚጣበቅ ያስተዋሉት ስዊድናዊው ብሮነማርክ የመጀመሪያውን ታካሚ ያከሙት እ.ኤ.አ. በ1965 ነበር። ሦስቱም ቢሆኑ የተፈጥሮውን ጥርስ አይተካከሉም።

ሊነቀል የማይገባው

በአካባቢያችን ሌላም መንቀል አለ። ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው ምክንያቱ «ግግ» ነው ተብሎ ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ ከድዱ ይወጣል። የተቅማጡ ምክንያት ግን ጥርሱ አይደለም፤ ድርጊቱ መድማትንና ኢንፌክሽንን ሊያስከትል፣ ከሥር ያለውን የቋሚ ጥርስ እንቡጥም ሊያበላሽ ይችላል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ከጎጂ ልማዶች መካከል ጠቅሶታል።

እንግዲህ ተማሪያችን ሊይዛቸው የሚገቡ ነጥቦች ጥቂት ናቸው። ጥቁር ነጥብ ሲታይ ወይም ቀዝቃዛ ነገር ሲያንዘረዝር የሙሌት ጊዜ ነው። ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም የስር ሕክምና ያስፈልግ እንደሆነ መታየት አለበት። ሲጠዘጥዝ የቆየ ጥርስ ሳይታከም ጸጥ ቢል ደግሞ ጉዞውን መሰረዝ ሳይሆን ማፋጠን ይገባል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና መቦረሽና ጣፋጭ ማብዛትን መተው፣ ከላይ የዘረዘርነውን መንገድ ከመጀመሪያው ያሳጥረዋል።