ምዕራፍ ዐሥራ አንድ፦ የመጽሐፍ ሽፋንን አስተውሎ መግለጽ

ባለፈው ምዕራፍ ሰውንና ቦታን ስለሚገልጽ ድርሰት ተምራችኋል። በዚህ ምዕራፍ ደግሞ ሥዕልን አስተውሎ መግለጽንና ስለ ሥዕሉ ፍርድ መስጠትን ትለማመዳላችሁ። ለልምምዱ የመረጥነው በየዕለቱ በእጃችሁ የምትይዙትን የመጽሐፍ ሽፋን ነው። ምናልባት ይህን መጽሐፍ እንደተረከባችሁ እንዳያረጅ ብላችሁ በጋዜጣ ለብዳችሁት ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ከሥሩ ያለውን ሥዕል ካያችሁት ብዙ ጊዜ ሆኗችኋል ማለት ነው።

ምሳሌዎቹ የተወሰዱት በእናንተ ዕድሜ ላሉ አንባብያን ተጽፈው በአሜሪካ ከታተሙ ልብ ወለዶች ነው። በዚያ አገር ከ12 እስከ 18 ዓመት ለሚሆናቸው ወጣቶች የሚጻፍ ልብ ወለድ ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው፤ በመጻሕፍት መደብሮችም የራሱ መደርደሪያ አለው። ስለዚህ የሽፋኑ ሥዕል በየዘመኑ እንዴት እንደተለወጠ ለመከታተል ይመቻል። ዓመታቱ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሽፋን መጽሐፉን ከመቀደድና ከአቧራ ይጠብቃል፤ ይህ ግልጽ ስለሆነ ማብራሪያ አያሻውም። ሁለተኛው ሥራው ግን መጥራት ነው። በመደብር የቆመ ሰው አንድም ገጽ ሳይገልጥ መጽሐፉን የሚያነሣው ወይም የሚያልፈው ሽፋኑን አይቶ ነው። እንግዲህ ሽፋን፣ «በውስጤ እንዲህ ያለ ታሪክ ታገኛለህ» የሚል ቃል ኪዳን ነው ማለት ይቻላል። ይህን ቃል ኪዳን የሚሰጠው ደራሲው እንደሆነ የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በትልልቅ አሳታሚ ድርጅቶች ሽፋኑን የሚወስኑት የሥዕል ክፍሉና የሽያጭ ክፍሉ ናቸው፤ ደራሲው አስተያየቱን ይጠየቅ ይሆናል እንጂ የመጨረሻው ውሳኔ ብዙውን ጊዜ የእርሱ አይደለም። ይህን በአእምሯችሁ ያዙ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1983 መውጣት የጀመሩት የ«ስዊት ቫሊ ሃይ» ተከታታይ መጻሕፍት ሽፋናቸው በእጅ የተሣለ ነበር። የመንታዎቹ እኅትማማች መልክ በክብ ውስጥ ተሥሎ ይታያል፤ አንባቢዋም ልጆቹን እንደምታውቃቸው ጎረቤቶች ትመለከታቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ፎቶግራፍ የእጅ ሥዕልን ቦታ እየወሰደ ሄደ።

በ2005 የስቴፈኒ ሜየር «ትዋይላይት» ታተመ። ሽፋኑ ፍጹም ጥቁር ነው፤ በጥቁሩ መደብ ላይ ቀይ ፖም የያዙ ሁለት ነጭ እጆች ይታያሉ። የሰው ፊት የለም፤ ቤት የለም፤ ዛፍ የለም። ፖሙ የተከለከለውን ፍሬ የሚያመለክት መሆኑን ደራሲዋ ገልጻለች፤ ከታሪኩ በፊትም ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ቁጥር 17 የተወሰደ ጥቅስ ይገኛል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የዘፍጥረት መጽሐፍ ፍሬው ፖም ነው አይልም፤ ፖም ያደረጉት በተለይ የምዕራብ አውሮፓ ሠዓልያን ናቸው። በእኛ አገር ሰው ሲናገር የምትሰሙት ዕፀ በለስ የሚለውን ነው። ስለዚህ ሽፋኑን ያየ አሜሪካዊ ወጣት ወዲያው አዳምንና ሔዋንን ሲያስታውስ፣ ከእናንተ አንዱ ግን የገበያ ፖም ብቻ ሊታየው ይችላል። ምልክት የሚናገረው ቋንቋውን ለለመደው ሰው ነው።

መጽሐፉ በብዛት ሲሸጥ የሌሎች መጻሕፍት ሽፋኖችም ጠቆሩ። በጥቁር መደብ ላይ አንድ ቀይ ወይም ነጭ ነገር ማሳየት ፈሊጥ ሆነ። በ1847 የታተመው የኤምሊ ብሮንቴ «ዉዘሪንግ ሃይትስ» እንኳ በ2009 ጥቁር መደብና አበባ ባለበት ሽፋን እንደገና ወጣ፤ የ«ትዋይላይት» ፍቅረኞች የሚወዱት መጽሐፍ እንደሆነም ሽፋኑ ላይ ተጻፈበት። አንዳንዶች በዚህ ተሳለቁ። እኛ ግን አንፈርድም፤ በዚያ አበባ ተስበው አንድ የቆየ ድንቅ ልብ ወለድ ያነበቡ ልጆች ካሉ፣ ሽፋኑ የሰጠው ቃል ኪዳን ሙሉ በሙሉ እውነት ባይሆንም ጉዳቱ ቀላል ነው።

ከባድ ጉዳት ያደረሰው ሌላ ሽፋን ነው። በዚያው በ2009 አውስትራሊያዊቷ ደራሲ ጀስቲን ላርባሌስቲየር «ላየር» የተባለ ልብ ወለድ ለማሳተም ተዘጋጅታ ነበር፤ ትርጉሙ «ዋሾ» ማለት ነው። ታሪኩን የምትተርከው ማይካ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ልጅ ናት፤ ጸጉሯም አጭር ነው። ማይካ ውሸት የለመደች ስለሆነች፣ አንባቢው የትኛውን ቃሏን ማመን እንዳለበት እየመረመረ ይሄዳል። የብሉምስበሪ አሳታሚ ድርጅት የአሜሪካ ቅርንጫፍ ያዘጋጀው ሽፋን ግን ረጅምና ለስላሳ ጸጉሯ አፏን የሸፈነ ነጭ ልጅ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ነበር። በአውስትራሊያ የታተመው ሽፋን የሰው መልክ አልነበረበትም።

ደራሲዋ በሐምሌ ወር ቅሬታዋን በይፋ ጻፈች። የማይካን ታሪክ ስትደርስ ልጅቱ ሴት፣ ወጣት፣ ጥቁርና አሜሪካዊት መሆኗን አንባቢ ያለ ጥርጥር እንዲቀበል ብዙ ደክማ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ቢናወጥ እነዚህ እንዲጸኑ ነው። አስቀድሞ በተሠራጩት ቅጂዎች መጽሐፉን ያነበቡ ሰዎች ግን፣ «ማይካ ጥቁር ነኝ ያለችው ውሸቷን ነው?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። አስተውሉ፤ በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ቃል አልተለወጠም። አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ታሪኩን ከሥሩ ለወጠው። ደራሲዋ ጥቁር ፊት ያለበት ሽፋን አይሸጥም የሚለውን በአሳታሚዎች ዘንድ የተለመደ አባባልም ተቃወመች፤ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት በቂ ማስታወቂያ ሳይሠራላቸው አልተሸጡም ማለት ማስረጃ እንዳልሆነ አስረዳች።

አሳታሚው በበኩሉ ሽፋኑ የተራኪዋን ውስብስብ ባሕርይ በምሳሌ ለማሳየት እንጂ ዘሯን ለመሸሸግ ያልታሰበ መሆኑን ገለጸ። ይህ ማብራሪያ አያሳምንም። ተራኪዋ ዋሾ ስትሆን ሽፋኑም አብሮ ከዋሸ፣ አንባቢው የሚቆምበት መሬት ያጣል። የሆነው ሆኖ በነሐሴ ወር ሽፋኑ እንዲለወጥ ተወሰነ፤ መጽሐፉም ጥቁር ልጅ በምትታይበት ሽፋን ለገበያ ቀረበ። በ2010 መጀመሪያ ግን ይኸው ድርጅት ባሳተመው በጃክሊን ዶላሞር «ማጂክ አንደር ግላስ» ላይ ተመሳሳይ ስሕተት ታየ፤ ያም ሽፋን ከተቃውሞ በኋላ ተለወጠ።

ከዚህ በኋላ በነበሩት ዓመታት የእጅ ሥዕልና የእጅ ጽሑፍ ወደ ሽፋን እየተመለሱ መጡ። በ2012 የታተመው የጆን ግሪን «ዘ ፎልት ኢን አወር ስታርስ» በሰማያዊ መደብ ላይ አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ደመና፣ ርእሱም በእጅ የተጻፈ በሚመስል ፊደል ይታይበታል። በ2017 ደግሞ የአንጂ ቶማስ «ዘ ሄት ዩ ጊቭ» ወጣ፤ ታሪኩ ጓደኛዋን ፖሊስ ሲገድለው ስላየች የ16 ዓመት ልጅ ነው። ሽፋኑን የሣለችው ዴብራ ካርትራይት ናት። ለሥዕሉ መመለስ አንዱ ምክንያት መጻሕፍት በስክሪን ላይ በጣም አንሰው መታየታቸው ይመስላል፤ ደማቅ ቀለምና ጎላ ያለ ፊደል ቢያንስም ይነበባል። ሌላም ምክንያት አለ፤ ሠዓሊ ተዘጋጅቶ ከተቀመጠ የፎቶግራፍ ክምችት ውስጥ መልክ መፈለግ አያስፈልጋትም፤ ደራሲዋ የጻፈቻትን ልጅ ራሷን መሣል ትችላለች።

አሁን ወደ አጻጻፉ እንለፍ። ሥዕል የሚገልጽ ሰው በግስ አጠቃቀም በቀላሉ ይሳሳታል። «ቀይ ልብስ የምትለብስ ልጅ» ብንል ልማዷን መናገራችን ነው። በሥዕሉ ላይ የሚታየውን ለመናገር ግን «ቀይ ልብስ የለበሰች ልጅ» እንላለን። ግሱ በቅርጹ ኃላፊ ቢሆንም የሚያመለክተው አሁን ያለ ሁኔታን ነው። ያዘ፣ ቆመ፣ ተቀመጠ፣ ተሸከመ የመሳሰሉትም እንደዚሁ ናቸው። ዐረፍተ ነገሩን በግሱ ስንዘጋም «ትይዛለች» ሳይሆን «ይዛለች»፣ «ትቆማለች» ሳይሆን «ቆማለች» እንላለን።

ሌላው ጥንቃቄ ያያችሁትን ከገመታችሁት መለየት ነው። «እጆቹ ፖም ይዘዋል» ያየነው ነው። «ፖሙ ፈተናን የሚያመለክት ይመስላል»፣ ወይም «ፈተናን ለማመልከት የገባ ሳይሆን አይቀርም» ግምታችን ነው። «ሽፋኑ ለታሪኩ ታማኝ ነው» ፍርዳችን ነው፤ ፍርድ ደግሞ መጽሐፉን ሳያነቡ አይሰጥም። የሚከተለውን አንቀጽ አንብቡ።

«የመጽሐፉ ሽፋን ነጭ ነው። በመካከሉ አንዲት ጥቁር ልጅ ቆማለች። በሁለት እጆቿ ትልቅ የተቃውሞ ጽሑፍ ይዛለች፤ በላዩም የመጽሐፉ ርእስ ይነበባል። ጽሑፉ ገላዋን ሸፍኖታል። ሠዓሊዋ ልጅቱ በመጀመሪያ ለመናገር መፍራቷን ለማሳየት ጽሑፉን ከልጅቱ ያስበለጠችው ይመስለኛል። ታሪኩን አንብቤ ስጨርስ ግን ልጅቱ ተሸሽጋ ሳይሆን ቃሏን አስቀድማ እንደቆመች ተረዳሁ።»

መልመጃ

ሀ. በአንቀጹ ውስጥ የታየውን፣ የተገመተውንና የተፈረደውን የሚናገሩትን ዐረፍተ ነገሮች ለዩ። ጸሐፊው ግምቱን ለምን እንደለወጠ በአንድ ዐረፍተ ነገር አስረዱ።

ለ. የሚከተሉትን ለሥዕል መግለጫ እንዲስማሙ አድርጋችሁ ጻፉ፦ «ሽማግሌው በትር ይይዛል።» «ባርኔጣ የሚያደርግ ልጅ በበሩ አጠገብ ይቆማል።»

ሐ. የአሳታሚውን ማብራሪያ የሚደግፍ አንድ አንቀጽ፣ የሚቃወም ሌላ አንቀጽ ጻፉ። ለሚደግፈውም ልባችሁ ባይቀበለው እንኳ የምትችሉትን ያህል ጠንካራ ምክንያት ፈልጉለት።

መ. ከትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት ሽፋኑ የተገነጠለ ልብ ወለድ ፈልጋችሁ አንብቡ። ለመጽሐፉ የሚገባውን ሽፋን፣ ያላየው ሠዓሊ ሊሥለው እስኪችል ድረስ በአንድ ገጽ ግለጹ። ከዚያም ጽሑፉን መጽሐፉን ላላነበበ ጓደኛችሁ ስጡትና ታሪኩ ስለ ምን እንደሆነ እንዲገምት ጠይቁት።